ከ200 በላይ ገቡ፣ 10 ቀሩ፦ አዋቂዎችን ስለ ማስተማር ከጓቲማላ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ



ከነገረ መለኮት ኮሌጅ በተመረቅን በዓመቱ፣ ከአንድ የትምህርት ባልንጀራችን ጋር ሆነን ወደ አንዲት የገጠር አጥቢያ ለአምስት ቀን የሽማግሌዎች ሥልጠና ተላክን። ሠላሳ ያህል አባቶች ከየጸሎት ቤታቸው ተሰብስበው ጠበቁን። ግማሾቹ ሁለትና ሦስት ሰዓት በእግራቸው ተጉዘው የመጡ ነበሩ። እኛም የኮሌጅ ደብተራችንን ይዘን፣ ጥቁር ሰሌዳውን በጠመኔ ሞልተን፣ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ተኩል እስከ ምሳ፣ ከምሳ በኋላም እስከ አሥር ሰዓት ስለ መገለጥ፣ ስለ ሥላሴና ስለ ቤተ ክርስቲያን ታሪክ አስተማርን። በደንብ የተዘጋጀን መስሎን ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ከሠላሳው የመጡት አሥራ አራት ብቻ ነበሩ። ወቅቱ የቡና ለቀማ እንደ ነበረ አልጠየቅንም። በምሳ ሰዓት አንድ ጠጉራቸው የሸበተ ሽማግሌ ወደ እኛ ቀረብ ብለው እንዲህ አሉን፦ «ልጆቼ፣ አትቀየሙኝና አንድ ነገር ልናገር። ያላችሁት ሁሉ መልካም ነው፤ እግዚአብሔር ይስጣችሁ። ብቻ እሑድ የማስታርቃቸው ሁለት ወንድማማቾች አሉ። በአባታቸው መሬት ተጣልተው ሊጋደሉ ነው። ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛውን ልንገራቸው?»

መልስ አልነበረንም። እኒህ አባት እኛ ሳንወለድ ጀምሮ ምእመናንን ሲያስታርቁ፣ ሲቀብሩ፣ የታመመ ሲጠይቁ የኖሩ ሰው ናቸው። እኛ ግን በሦስት ቀን ውስጥ ስለዚህ ኑሯቸው አንዲት ጥያቄ እንኳ አልጠየቅናቸውም። እንደ ባዶ ማድጋ ቆጥረን ልንሞላቸው መጣን እንጂ።

ያ ቀን ለብዙ ዓመት አሳፍሮናል። ከዚያ በኋላ ግን አንድ ታሪክ አገኘን፤ ከእኛ በፊት በሌላ አገር፣ ያውም በሌላ ቡና አብቃይ ምድር፣ አንዲት ቤተ ክርስቲያን ያንኑ ስሕተት በትልቁ ሠርታ፣ ስሕተቷንም በግልጽ ቆጥራ፣ መንገዷን የለወጠችበት ታሪክ ነው። ዛሬ ያንን ታሪክ ልንነግራችሁ ወደድን። ታሪኩ ያለፈ ነገር ብቻ አይደለም፤ በየአጥቢያችን ሽማግሌዎችን፣ ወንጌላውያንን፣ ለጥምቀት የሚዘጋጁ አማኞችን ለምናስተምር ሁሉ የሚጠይቀን ነገር አለው።

ቆጠራው

ጓቲማላ በመካከለኛው አሜሪካ የምትገኝ ተራራማ አገር ናት። ከሕዝቧ ብዙ ሰው የማያ ዘር ነው፤ ከስፓኝ ቋንቋ ሌላ ከ20 በላይ የማያ ቋንቋዎች ይነገሩባታል። የፕሬስቢቴሪያን ሚስዮን እ.ኤ.አ. በ1882 ገብቶባት ወንጌል ቀስ በቀስ ወደ ደጋውም ወደ ቆላውም ተዛመተ፤ በየመንደሩም አጥቢያዎች ተተከሉ። አጥቢያ ሲበዛ ደግሞ አገልጋይ ያስፈልጋል። ስለዚህ በ1930ዎቹ መጨረሻ በዋና ከተማይቱ ሴሚናሪ ተከፈተ። አሠራሩ እኛም በደንብ የምናውቀው ነው፦ ከየገጠሩ ወጣቶች ይመረጣሉ፤ ወደ ከተማ ይመጣሉ፤ በማደሪያ ቤት ተቀምጠው ለዓመታት ይማራሉ፤ ተመርቀው ይመለሳሉ።

ይመለሳሉ ተብሎ ነበር። በ1962 ግን የቤተ ክርስቲያኒቱ ሰዎች ቁጭ ብለው ቆጠሩ። በ25 ዓመት ውስጥ ከ200 በላይ ተማሪዎች ወደ ሴሚናሪው ገብተዋል። ከነዚያ ሁሉ መካከል በዚያን ጊዜ በመጋቢነት ሲያገለግሉ የተገኙት 10 ያህል ብቻ ነበሩ።

እስቲ ይህን ቁጥር እናስበው። ለእነዚያ ሁሉ ወጣቶች ቀለብ ተሰፍሯል፤ መምህራን ተቀጥረዋል፤ ብዙ መባ ተሰብስቧል፤ ብዙ ጸሎት ተጸልዮአል። «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» እንደሚባለው፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ ሴሚናሪ ነበራት፤ መጋቢ ግን አልነበራትም።

ምክንያቱን ለማግኘት ሩቅ መሄድ አላስፈለጋቸውም። የገጠሩ ልጅ ከተማ ለጥቂት ዓመታት ሲኖር አለባበሱም፣ አነጋገሩም፣ የኑሮ ፍላጎቱም ይለወጣል። ተመልሶ በመንደሩ በጥቂት ደመወዝ መኖር ይከብደዋል። ቢመለስም የመንደሩ ሰው ገና ባልደረሰ ወጣት ለመመራት ይቸገራል። ሌላው ደግሞ ባገኘው ትምህርት የተሻለ ሥራ ፈልጎ ይሄዳል። ይህን የምንለው በእነርሱ ለመፍረድ አይደለም፤ ከእኛም ጋር ከተመረቁት መካከል ስንቱ ዛሬ በአገልግሎት ላይ እንዳለ ብንቆጥር ሁላችንም ዝም እንላለን።

ከዚህ የሚበልጠው ግኝት ግን ሌላ ነበር። አጥቢያዎቹ መሪ አጥተው አልተበተኑም። የሚመሩአቸው ሰዎች ነበሩአቸው፤ ገበሬዎች፣ ባለ ትንንሽ ሱቆች፣ የእጅ ሙያተኞች፣ ልጆች ያሳደጉና በጎረቤት ዘንድ የተመሰከረላቸው ሰዎች። ሐዋርያው ጳውሎስ ለጢሞቴዎስና ለቲቶ የሽማግሌን መመዘኛ ሲጽፍ የዘረዘረው ጠባይ የሚገኘው በነዚህ ሰዎች ነው። ነገር ግን እርሻውንና ቤተ ሰቡን ጥሎ ለሦስት ዓመት ከተማ ሊቀመጥ የሚችል ከመካከላቸው ማን ነው? ሴሚናሪው ሊመጡ የሚችሉትን ያስተምር ነበር፤ የሚመሩት ግን ሊመጡ የማይችሉት ነበሩ። አባቶቻችን «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» ይላሉ። በጓቲማላ ግን የተማረው ሳይጠመጥም ቀረ፤ የጠመጠመውም ሳይማር ቀረ።

በቅሎው ወደ ተራራው ሄደ

በዚህ ጊዜ በሴሚናሪው ዙሪያ ከነበሩት ሰዎች ሦስቱ በታሪክ ይታወቃሉ፤ ጄምስ ኤመሪ፣ ራልፍ ዊንተርና ጥቂት ቆይቶ የተቀላቀላቸው ሮስ ኪንስለር። ዊንተር በመጀመሪያ መሐንዲስነት ያጠና፣ በኋላም በሥነ ልሳን ዶክትሬት የተቀበለ ሰው ነው። የመሐንዲስ ጠባይ ሳይረዳው አልቀረም። የሚፈስ ቧንቧ ያየ መሐንዲስ ውኃ አይጨምርበትም፤ ቧንቧውን ይመረምራል።

መጀመሪያ በ1962 ሴሚናሪውን ከዋና ከተማይቱ አንሥተው ሳን ፌሊፔ ወደምትባል፣ በሬታልሁሌው ግዛት ወደምትገኝ የገጠር ከተማ ወሰዱት። ይህ አንድ እርምጃ ነበር። ግን ወዲያው ያልበቃ ሆኖ ተገኘ፤ በሳን ፌሊፔ አጠገብ ያሉት መምጣት ቻሉ፤ በተራራው ማዶ ያሉት ግን እንደ ቀድሞው ቀሩ። ስለዚህ በ1963 ሁለተኛውን እርምጃ ወሰዱ። ተማሪው ወደ ሴሚናሪው መምጣት ካልቻለ ሴሚናሪው ወደ ተማሪው ይሂድ አሉ። በየአካባቢው የመገናኛ ማእከሎች አበጁ፤ መምህሩ በሳምንት አንድ ቀን ወደዚያ ይሄዳል፤ ተማሪዎቹም ከየመንደራቸው ለጥቂት ሰዓት ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ እርሻቸውና ወደ አጥቢያቸው ይመለሳሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተማሪው ቁጥር ከመቶ አለፈ። ይህ አሠራር ነው በኋላ ወደ ላቲን አሜሪካ፣ ወደ አፍሪካና ወደ እስያ ተዛምቶ በእኛም አገር በብዙ አጥቢያዎች ቲ.ኢ.ኢ. በሚባል ስም የታወቀው።

አንዳንዶች ይህን እንደ መጓጓዣ ለውጥ ብቻ ያዩታል። መምህሩ ቦታ ቀይሮ ያንኑ ንግግር ቢያደርግ ኖሮ በእርግጥም ከዚያ አያልፍም ነበር። ዋናው ለውጥ ግን በትምህርቱ አሠራር ላይ ነው። በሳምንት የሚገናኙት ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ያችን ሰዓት መጽሐፍ ሊናገረው በሚችለው ነገር ማጥፋት አይቻልም። ስለዚህ ሥራውን ለሦስት ከፈሉት።

አንደኛው፣ ተማሪው ብቻውን በቤቱ የሚያጠናው መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ በቀላል ቋንቋ ተጽፎ፣ ትምህርቱ በትንንሹ ተቆርሶ፣ ከእያንዳንዱ ቁራሽ በኋላ ጥያቄ ይጠይቃል፤ ተማሪውም መልሱን እዚያው አመሳክሮ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የተማሪዎቹ የቀለም ደረጃ የተለያየ ስለ ነበረ ትምህርቱም በየደረጃው ተዘጋጀ። ሁለተኛው፣ ሳምንታዊው ስብሰባ ነው። ሦስተኛው ደግሞ ተማሪው ሳያቋርጥ የሚሠራው የአጥቢያ አገልግሎት ነው። ሰኞ ያጠናውን እሑድ ይሰብከዋል፤ እሑድ ያጋጠመውን ችግር ይዞ ወደ ስብሰባው ይመጣል።

በሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው ቴድ ዋርድ ይህን አሠራር በገጠር አጥር መስሎ አስረድቶታል። አጥሩ ሁለት አግዳሚ እንጨቶች አሉት፤ የላይኛው እውቀት ነው፤ የታችኛው የሥራ ልምድ ነው። ሁለቱ ጎን ለጎን ይሄዳሉ፤ ግን የሚይዛቸው ካልተገኘ ሁለቱም መሬት ይወድቃሉ። የሚይዙአቸው በየርቀቱ የተተከሉት ቋሚዎች ናቸው፤ እነርሱም ስብሰባዎቹ ናቸው። ስብሰባው ያነበብነውና የሠራነው የሚገናኙበት ቦታ ነው። በስብሰባው ላይ መምህሩ «ምዕራፍ ሦስት እንዲህ ይላል» ብሎ አይጀምርም፤ «በዚህ ሳምንት በአጥቢያችሁ ምን አጋጠማችሁ? ያነበባችሁት ምን ረዳችሁ? የቱ ላይ አልሠራ አላችሁ?» ብሎ ይጀምራል።

ያን የገጠር ሽማግሌ ጥያቄ አስታውሱ። «ከዚህ ሁሉ ውስጥ የትኛውን ልንገራቸው?» ያሉን ሰው ቋሚውን ነበር የጠየቁን። እኛ የላይኛውን እንጨት ተሸክመን ሄድን፤ የታችኛውን እርሳቸው ለዘመናት ተሸክመው ኖረዋል፤ የሚያገናኝ ግን አልተከልንም።

በዚያው ዓመት በብራዚል

በዚያው በ1963 በሰሜን ምሥራቅ ብራዚል፣ አንጂኮስ በምትባል ትንሽ ከተማ፣ ፓውሎ ፍሬሬ የሚባል መምህር 300 ያህል ማንበብ የማይችሉ ሠራተኞችን በ40 ሰዓት ትምህርት ማንበብና መጻፍ ለማስጀመር ተነሣ። በዚያ ዘመን በብራዚል ማንበብ የማይችል ሰው መምረጥ አይፈቀድለትም ነበርና ጉዳዩ ቀላል አልነበረም።

ፍሬሬ የሕፃናት የፊደል መጽሐፍ ይዞ አልሄደም። እርሱና ባልደረቦቹ አስቀድመው ሰዎቹ በሚኖሩበት ቦታ ቁጭ ብለው አዳመጡ። በሥራ፣ በቤትና በገበያ ደጋግመው የሚናገሩአቸውን፣ ስሜታቸውን የሚነኩ ቃላት ለቀሙ። ለምሳሌ «ጡብ» የሚለውን ቃል ወሰዱ። አስቀድመው ሥዕሉን አሳይተው ያወያያሉ፤ ጡቡን የሚሠራው ማን ነው? ቤቱስ የማን ነው? ከውይይቱ በኋላ ቃሉን በቀለም ቆራርጠው ሌሎች ቃላት ያስመሠርቱበታል። ጡብ ሲደረድር የኖረ ሰው የራሱን ሥራ በሰሌዳ ላይ ተጽፎ ያያል።

በ1964 ወታደሮች ሥልጣን ሲይዙ ፍሬሬ ታሰረ፤ ከዚያም ተሰደደ። ከ1970 ጀምሮ ለአሥር ዓመት ያህል በጄኔቫ በዓለም አብያተ ክርስቲያናት ምክር ቤት ሠርቷል። የጓቲማላው ሮስ ኪንስለርም በኋላ በዚያው ምክር ቤት የነገረ መለኮት ትምህርት ክፍል አገልግሏል። እኛ ወንጌላውያን ፍሬሬ ያለውን ሁሉ አንቀበልም፤ የሰው ልጅ ትልቁ እስራት ኃጢአት መሆኑን፣ ነጻ የሚያወጣውም ክርስቶስ መሆኑን እናምናለን። ነገር ግን አንድ ወቀሳው በእኛም መድረክ ላይ ይሠራል። መምህሩ ገንዘብ አስቀማጭ፣ ተማሪው ገንዘብ የሚጠራቀምበት ሣጥን የሆነበትን ትምህርት ነቅፎአል። በዚያ የገጠር ጸሎት ቤት ያደረግነው ይህንኑ ነው።

በሰሜን አሜሪካም ማልኮልም ኖውልስ፣ ወጣት ሳለ በወወክማ የአዋቂዎችን ትምህርት ሲያደራጅ የቆየ ሰው፣ ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ የአዋቂ ተማሪን ጠባይ በመጽሐፍ አሰፈረ። አሳቡን ባጭሩ ብንለው፣ አዋቂ ሰው ለምን እንደሚማር ማወቅ ይፈልጋል፤ የኑሮ ልምድ ይዞ ይመጣል፤ እንደ ሕፃን ሲታዘዝ ልቡ ይዘጋል፤ ለነገ ለሚያስፈልገው ሳይሆን ዛሬ ለያዘው ችግር ይማራል። ይህ ሁሉ በዚያች አጥቢያ ሽማግሌ አንደበት አስቀድሞ ተነግሮን ነበር።

ከሁሉ በፊት በጋዛ መንገድ ላይ

ወንድሞችና እህቶች፣ ይህ ሁሉ በ1963 የተጀመረ እንዳይመስለን። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 8 አንድ ትልቅ ሰው፣ የንግሥቲቱ የገንዘብ ሹም፣ የአገራችንን ስም የያዘ ሰው፣ በሠረገላው ተቀምጦ ነቢዩን ኢሳይያስን ሲያነብ እናገኘዋለን። ፊልጶስ የተዘጋጀ ስብከት ይዞ አልገባበትም። አስቀድሞ ሮጦ ቀረበ። ሲያነብ ሰማው። ከዚያ ያነበበውን ተረድቶት እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውየው ራሱ የሚመራው እንደሚፈልግ ሲናገርና ና ተቀመጥ ብሎ ሲለምነው ከጎኑ ተቀመጠ። ጥያቄውን ያቀረበው ጃንደረባው ነው። ፊልጶስም ከዚያው ከተከፈተው ገጽ ጀምሮ ኢየሱስን ሰበከለት። በመጨረሻም ውኃ ሲያዩ ለመጠመቅ የጠየቀው ተማሪው እንጂ መምህሩ አይደለም።

መቅረብ፣ መስማት፣ መጠየቅ፣ አብሮ መቀመጥ፣ ካለበት መጀመር። ጌታችንም በኤማሁስ መንገድ ላይ እንዲሁ አደረገ። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ስለ ምን እንደሚነጋገሩ ጠየቃቸው፤ ኀዘናቸውንም እስኪጨርሱ ሰማቸው፤ ከዚያ በኋላ ነው መጻሕፍትን የተረጎመላቸው።

እኛም አግኝተነው የነበረ ነገር

በአገራችንም ቤተ ክርስቲያን አዋቂዎችን ስታስተምር ኖራለች። የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ በ1962 የየምሥራች ድምፅ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻን ስትጀምር ብዙ ገበሬዎችና እናቶች ከሥራ በኋላ ፊደል ቆጥረዋል። በ1963 ደግሞ፣ በጓቲማላ ማእከሎቹ በተከፈቱበት ዓመት፣ የብሥራተ ወንጌል ሬዲዮ ጣቢያ ከአዲስ አበባ ሥርጭት ጀመረ፤ እስከ ተወረሰበት እስከ 1977 ድረስም ትምህርት በየቤቱ አስገብቷል።

ከዚያ የደርግ ዘመን መጣ። በዕድሜ ሃምሳዎቹ ውስጥ ያለን ይህን ዘመን በልጅነትና በወጣትነት አይተነዋል። ብዙ ጸሎት ቤቶች ታሸጉ። አማኞች በየቤቱ አምስትም ሰባትም ሆነው፣ መስኮት ዘግተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይሰበሰቡ ነበር። መድረክ የለም፤ ድምፅ ማጉያ የለም፤ የተመረቀ መምህር በአብዛኛው የለም። አንዱ ያነባል፤ ሌላው የገባውን ይናገራል፤ እናት ከእንጀራ ምጣዱ አጠገብ ሆና ያጋጠማትን ትመሰክራለች፤ ሁሉም ስለ ሁሉም ይጸልያል። በሚቀጥለው ሳምንት የታዘዙትን ማድረጋቸውን ይጠያየቃሉ። እኛ ሳናውቀው ሦስቱም የአጥሩ ክፍሎች በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበሩ። ቃሉ ነበረ፤ ሥራው ነበረ፤ ማገናኛውም ነበረ።

በ1991 ነጻነት ሲመጣ ለጌታ ምስጋና አቀረብን፤ አሁንም እናቀርባለን። ታላላቅ አዳራሾች ተሠሩ። ኮሌጆች ተከፈቱ። ነገር ግን ወንበሮቹ ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ዞሩ። አንዱ ይናገራል፤ ሺህ ያዳምጣል። አዳማጩ «አሜን» ይላል፤ ወደ ቤቱ ይሄዳል፤ ምን እንደ ገባውና ምን እንዳደረገበት የሚጠይቀው የለም። የሐሰት ትምህርት በየአጥቢያው እንዲህ በቀላሉ የሚገባው አማኙ ስብከት ስላላገኘ አይመስለንም፤ ስብከትማ ሞልቷል። የሰማውን መርምሮ፣ ጠይቆ፣ በኑሮው ፈትኖ የራሱ የማድረግ ልምድ ስላጣ ነው ብለን እንፈራለን። ይህ ለቤተ ክርስቲያናችን የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው።

የጓቲማላው መንገድ ጉድለቶች

እውነቱን ሁሉ እንናገር። የጓቲማላው አሠራር ሲዛመት በብዙ ቦታ ተሰናክሏል። አንዳንዱ መጽሐፍ ባዶ ቦታ ከማስሞላት አላለፈም፤ የአምሳ ዓመት አባት የነገር አዋቂ ሆኖ ሳለ አንድ ቃል ሞልተህ ቀጥል ሲባል እንደ ሕፃን መቆጠር ነው። አንዳንዱም ከሌላ አገር ተተርጉሞ የመጣ ነበርና ምሳሌው ሁሉ የማይታወቅ አገር ምሳሌ ሆነ።

በስብሰባው ላይም መምህራን የለመዱትን መተው አቃታቸው። መጽሐፉ ውስጥ ያለውን መልሰው ያስተምሩታል፤ ተማሪውም «ለካ መጥተው ይነግሩናል» ብሎ ማንበቡን ይተዋል። ቋሚው ተነቀለ ማለት ነው። ሌላው ደግሞ ርካሽ መንገድ ነው ተብሎ መምህር ሳይመደብ ሳይጎበኝ መጽሐፍ ብቻ መላክ ነው። እንዲህ ያለው ሁሉ ሞተ። ኮሌጅ አያስፈልግም ለማለትም ታሪኩን የሚጠቅሱ አሉ፤ ልክ አይደሉም። እኛ ኮሌጅ ባንማር ኖሮ ዛሬ የምንበላው የቃሉ ጥናት ባልኖረን ነበር። ጓቲማላ የምታስተምረን ኮሌጅን መዝጋት ሳይሆን የሚመራውን ሰው ባለበት ማስተማርን ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ?

ከዚያ ውርደት በኋላ ባሳለፍናቸው ዓመታት፣ ብዙ እየተሳሳትን፣ የሚከተለውን ይዘናል።

ማስተማሪያውን ከማዘጋጀታችን በፊት እንጠይቃለን። ሁለት ወይም ሦስት ተማሪዎችን አስቀድመን በቤታቸው እንጎበኛለን፤ በዚህ ወር ያስጨነቃቸውን እንሰማለን። የአዝመራውን ወቅት፣ የገበያውን ቀን፣ እናቶች ከቤት መውጣት የሚችሉበትን ሰዓት እንጠይቃለን። ማን ማንበብ እንደሚችልና ማን እንደማይችል በጓዳ እንጠይቃለን፤ ምክንያቱም አንድን አባት በሰው ፊት «ተነሥተው ያንብቡ» ብሎ ማሳፈር ከዚያ ቤት ለዘላለም ማስወጣት ነው።

«ምን እናስተምራቸው?» ከማለታችን በፊት «ከዚህ ሲወጡ ምን ማድረግ ይችሉ?» እንላለን። «ስለ ዕርቅ ያውቃሉ» ማለት አይበቃም። «የተጣሉ ሁለት ቤተ ሰቦችን አቀራርበው በማቴዎስ 18 መንገድ ማነጋገር ይችላሉ» ሲሆን ግን ትምህርቱ ቅርጽ ይይዛል፤ ምን እንደምናስቀርና ምን እንደምንይዝም እናውቃለን።

ወንበሮቹን ክብ እናደርጋለን። በእውነተኛ ጉዳይ እንጀምራለን። ለምሳሌ በድንበር የተጣሉ ጎረቤታሞችን ነገር፣ ስም ሳንጠራ፣ እናቀርባለን፤ «እናንተ ብትሆኑ በማን በኩል ትጀምራላችሁ?» እንላለን። አባቶች ልምዳቸውን ያወጣሉ። እኛ ከኮሌጅ ያላገኘነውን ጥበብ በዚያ ሰዓት እንሰማለን። ከዚያ ቃሉን እንከፍታለን፤ ልምዳቸውን ቃሉ ያጸናዋል፤ አንዳንዴም ያርመዋል። ቃሉ ዳኛ ነው፤ ልምድ ዳኛ አይደለም። ይህን እንዳንረሳ፤ ማወያየት ማለት ሁሉም አሳብ እኩል ነው ማለት አይደለም።

ከዚያ ሁለት ሁለት ሆነው ይለማመዱታል፤ አንዱ አስታራቂ፣ ሌላው የተቆጣ ጎረቤት ይሆናል። ሲስቁ እንስቃለን፤ ሲሳሳቱ አናሳፍርም። በመጨረሻ እያንዳንዱ በሳምንቱ የሚያደርገውን አንድ ነገር ይናገራል። የሚቀጥለው ስብሰባ የሚጀምረው ያንን በመጠየቅ ነው። ያልጠየቅነው ሥራ እንደማይሠራ ከልምድ አውቀነዋል።

ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የሰማውን ለታመኑ ሰዎች አደራ እንዲሰጥ፣ እነርሱም ሌሎችን ለማስተማር እንዲበቁ ጽፎለታል። የትምህርታችን ፈተና ይህ ነው፤ የተማረው ሌላውን አስተምሮአልን?

ያ አባት

በዓመቱ ወደዚያች አጥቢያ ተመለስን። ከቡና ለቀማ በኋላ ሄድን፤ ሦስት ቀን ብቻ ያዝን፤ ከሰዓት በኋላውን ነጻ ተውነው። የመጀመሪያውን ቀን ደብተራችንን ሳንከፍት «የሁለቱ ወንድማማቾች ነገር ከምን ደረሰ?» ብለን ያን አባት ጠየቅናቸው። እርሳቸውም ለአንድ ሰዓት ያህል ተረኩልን። ታላቅየውን በሌሊት ብቻውን ሄደው እንዳነጋገሩት፣ ሁለቱን ከማገናኘታቸው በፊት የአባታቸውን መቃብር አብረው እንዳሳዩአቸው፣ ከዚያ እንደ ጸለዩ፣ ታናሽየው ግን ገና በግማሽ ልብ እንደሆነ ነገሩን። ሠላሳውም አዳመጡ። ሲጨርሱ ከኋላ የተቀመጡ አንድ ወንድም «እኔም እንዲህ ያለ ነገር አለብኝ» አሉ። ትምህርቱ የተጀመረው በዚያ ሰዓት ነው። በሦስተኛው ቀን የቀረ ሰው አልነበረም።

እኒያ አባት ዛሬ በጌታ አንቀላፍተዋል። የነገረ መለኮት ዲግሪያችን በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲታየን፣ በምሳ ሰዓት የተጠየቅናትን አንዲት ጥያቄ እናስታውሳለን።

ወገኖቼ፣ በዚህ ሳምንት የምታስተምሩት ሰው አለ? ከመዘጋጀታችሁ በፊት ሄዳችሁ ጠይቁት። የምትማሩስ ብትሆኑ፣ መምህራችሁን በአክብሮት «ይህን በኑሮዬ እንዴት ላድርገው?» በሉት። እኛም ተጠይቀን ነው የተማርነው።

መንፈስ ቅዱስ ወደ እውነት ሁሉ የሚመራ መምህር ነውና፣ የምናስተምረውን ሁላችንን እርሱ አስቀድሞ ያስተምረን። በፊልጶስ እንደ ሆነው ወደ ሰው ሠረገላ ለመቅረብ ፈቃደኛ እግር፣ ሰምቶም ለመጠየቅ ትሑት ጆሮ ይስጠን። አሜን።

ጌታ ይባርካችሁ።